የቤታችን ዘፈኖች ከ60ዎቹ እስከ 2000ዎቹ፦ ከሸክላና ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የማዛወር ሥራ ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፣ ጥቅምት 2017፦ ቆጠራና ግዢ

ከእናቴ ቁም ሣጥን ላይ በወረዱት ሁለት ካርቶኖች ውስጥ 41 ካሴቶችና 13 ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ተገኝተዋል። ካሴቶቹ የእናቴ፣ ሸክላዎቹ ደግሞ የታላቅ ወንድሟ የአጎቴ ናቸው። ዕቅዱ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ካዛወርኩ በኋላ ቤተሰቡ በየአሥር ዓመቱ አብልጦ የወደዳቸውን አምስት አምስት ዘፈኖች መርጦ ለእናቴ፣ ለአጎቴና ሜሪላንድ ለምትኖረው አክስቴ ማዳረስ ነው። አብዛኞቹ ዘፈኖች በስልክ ተፈልገው እንደሚገኙ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እዚያ ካሉት ቅጂዎች ብዙዎቹ ከምን እንደተቀዱ አይገልጹም፣ የአንዳንዶቹ ፍጥነት የተዛባ፣ የሌሎቹ መግቢያ ወይም ማለቂያ የተቆረጠ ነው፣ ዓመታቸውም ዘፈኑን እንደጫነው ሰው ግምት ይለያያል። ስለዚህ በእጃችን ካለው ቅጂ መነሣትን መርጫለሁ።

የመደብኩት 25,000 ብር ነው። ከመርካቶ ያገለገለ የካሴት ዴክ በ7,500 ብር፣ ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ በ8,200 ብር፣ አንድ ቴራባይት ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ በ5,400 ብር ገዝቻለሁ። ሳውንድ ካርዱን የገዛሁት ከመጀመሪያው ስሕተት በኋላ ነው። መጀመሪያ ዴክን ከላፕቶፑ የማይክሮፎን ቀዳዳ ጋር በቀጥታ አገናኝቼ ሁለት ካሴቶች ቀዳሁ፤ ሲደመጡ ግራና ቀኙ ወደ አንድ ተጨፍልቆ፣ ነሐስ መሣሪያዎቹ ከፍ ባሉ ቁጥርም ድምፁ ተሰንጥቆ ተገኘ። የማይክሮፎን መግቢያው ሞኖ ከመሆኑም በላይ ከዴክ የሚወጣውን ጠንካራ ሲግናል ለመቀበል የተሠራ አይደለም። ሁለቱንም ሰርዣቸዋለሁ።

ቅጂው በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በዌቭ ፋይል እንዲሆን ወስኛለሁ። በዚህ መጠን አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት አንድ ጊጋባይት ያህል ስለሚይዝ ዲስኩ ለሁለት የተሟሉ ቅጂዎች እንኳ ይተርፋል።

2ኛ ሳምንት፦ የዴኩ ፍጥነት

ዴክን ከፈትኩት። ሁለቱም ቺንጊያዎች ላልተዋል፤ አንደኛው ሲነካ እንደ ሬንጅ እጅ ላይ ይቀራል። ምትካቸው 700 ብር፣ አልኮልና ጥጥ 520 ብር ወጥቶባቸዋል። ሄዱን፣ ማለትም የክሩን ድምፅ የሚያነበውን ክፍል፣ እና የጎማውን ሮለር በአልኮል ስጠርግ ስድስተኛው ጥጥ ድረስ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ይህ ከዓመታት በፊት ካለፉት ካሴቶች ክር የተራገፈ የብረት ኦክሳይድ ነው።

ቺንጊያ ከተቀየረ በኋላ ፍጥነቱ ትክክል ነው ብሎ መገመት አይቻልም። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ፍጥነት መለኪያ የተቀዳበት የሙከራ ካሴት ስላላገኘሁ ከዚሁ ቁጥር ተነሥቼ የራሴን ሠራሁ፦ ሹሽታ ብቻ በቀዳሁበት ክር ላይ በ4 ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ቦታ ቆርጬ፣ ከተበላሸ ካሴት መነሻ ላይ የወሰድኳቸውን ነጭ ክሮች ቀጠልኩባቸው። ነጩ ክር በሄዱ ላይ ሲያልፍ ሹሽታው ይቋረጣል፤ በሁለቱ መቋረጦች መካከል ልክ 100 ሰከንድ መሆን ይኖርበታል። የወጣው 97.6 ሰከንድ ነው። ይህ ማለት ዴኩ ከሚገባው ፈጥኖ ዘፈኑን ወደ ሩብ ድምፅ ገደማ ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው፤ ብቻውን ለሚሰማ ሰው አይታወቅም፣ ክራር ይዞ አብሮ ለመምታት የሞከረ ግን ወዲያውኑ ይቸገራል። በሞተሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ቀጭን ካቻቪቴ አስገብቼ ማስተካከያውን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ። አራተኛው ሙከራ ላይ 99.9 ሰከንድ ደረሰ፤ እዚያ ላይ ተውኩት።

በዚህ መካከል የሠራሁት ስሕተት፣ መቀጠያ ክሮቹን በተራ ግልጽ ፕላስተር ማያያዜ ነው። ካሴቱን በሦስተኛው ቀን ሳጫውተው የፕላስተሩ ማስቲሽ ወደ ጎን ወጥቶ ከላዩ የተጠመጠመውን ክር አጣብቆታል። የተጎዳው የሙከራ ካሴት በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ለመቀጠያ ተብሎ የተሠራውን ፕላስተር አክስቴ በመንገደኛ እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ፤ እስኪደርስ ድረስ የተበጠሱት አራት ካሴቶች ይቆያሉ።

3ኛ ሳምንት፦ ዶልቢ

አሥር ካሴቶች ተቀድተው ካለቁ በኋላ እናቴ ወደ ክፍሉ ገብታ የአስቴር አወቀን ዘፈን ቆማ አዳመጠች። «ልጄ፣ ይኼ ነገር በብርድ ልብስ ተሸፍኗል እንዴ? እስዋ እኮ እንዲህ አልነበረችም» አለችኝ። እኔ ካሴቱ ስላረጀ ነው ብዬ መለስኩላት። ማታ ላይ የዴኩን ፊት ሳጸዳ የዶልቢ ቢ ቁልፍ በርቶ አየሁት። ዶልቢ የካሴትን ሹሽታ የሚቀንስ ዘዴ ሲሆን የሚጠቅመው ሲቀዳም በዶልቢ ለተቀዳ ካሴት ነው፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳ ካሴት ሲገባበት ግን ሹሽታ መስሎት ከፍተኛዎቹን ድምፆች፣ ማለትም የሲምባሉን ጥራትና የዘፋኙን ትንፋሽ ይቀንሳል። በሽፋናቸው ላይ የዶልቢ ምልክት ያለባቸው ከ41 ካሴቶች ሁለት ብቻ ናቸው። አሥሩንም እንደገና ለመቅዳት አሥር ሰዓት ያህል ፈጅቷል፤ ሁለት ጊዜ መብራት ስለሄደ ደግሞ ሁለት የካሴት ገጾች ለሦስተኛ ጊዜ ተቀድተዋል።

ቁልፉ ከጠፋም በኋላ አንዳንዶቹ ካሴቶች ደፍነው ይሰማሉ። ምክንያቱ የሄዱ ማዕዘን ነው፤ እያንዳንዱ ካሴት የተባዛበት መሣሪያ ሄድ በመጠኑ ስለሚዛነፍ፣ የማጫወቻው ሄድ ከዚያው ጋር ካልገጠመ ጥራቱ ይጠፋል። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን ካሴቱ እየተጫወተ፣ ግራና ቀኙን በሞኖ ደምሬ እያዳመጥኩ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ መጠን ወዲያና ወዲህ እላታለሁ፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትደርስ የሃይ ሃቱ (የጥንዱ ሲምባል) ድምፅ በድንገት ብቅ ይላል። በነዋይ ደበበ ካሴት ላይ ይህን ሳደርግ፣ እስከዚያ ድረስ ሰምቼው የማላውቅ የጊታር ጭረት ከግራ በኩል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብሎኗን ለየካሴቱ ሳላስተካክል ቅጂ አልጀምርም። በአንድ ካሴት አምስት ደቂቃ ይጨምራል፤ ይገባዋል።

4ኛ ሳምንት፣ ኅዳር፦ ሸክላዎቹ

አክስቴ የላከችው የሸክላ ማጫወቻና የመቀጠያ ፕላስተሩ አብረው ደረሱ። ማጫወቻው በቺንጊያ የሚዞር፣ ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ትራንስፎርመር በ1,800 ብር፣ የዱሮው መርፌ ስላለቀ አዲስ መርፌ በ2,600 ብር ገዛሁ። ሸክላዎቹን በተጣራ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ አጥቤ ካደረቅኩ በኋላ ስምንቱን በአንድ ቅዳሜ ቀዳሁ። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ጠልቆ፣ ሰፍቶ፣ በጣም የሚያምር ሆኖ ተሰማኝ። ከስልክ ቅጂዎች የተለየው ሸክላ ስለሆነ ነው ብዬ አመንኩ።

እሑድ አጎቴ መጡ። ሁለት ስንኝ እንኳ ሳይጨርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ይህ ጥላሁን አይደለም» አሉ። ስሙ ሸክላው ላይ እንደተጻፈ ባሳያቸውም «ጽሑፉን ተወው፤ ጥላሁን ይህን ዘፈን እዚህ ነበር የሚይዘው» ብለው በራሳቸው ድምፅ መግቢያውን አንጎራጎሩት። ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ ያነሡት ድምፅ ማጫወቻው ከሚያወጣው በግልጽ ከፍ ያለ ነበር። በክራር ስለካው ልዩነቱ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ሆነ።

ትራንስፎርመር የሚለውጠው ቮልቴጁን ብቻ ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ (60 ኸርዝ)፣ የእኛ ግን 50 ኸርዝ ነው፤ የዚህ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ በመሆኑ በደቂቃ 45 ዙር በመዞር ፋንታ 37.5 ዙር ይዞራል። ከሚገባው አምስት ስድስተኛውን ብቻ የሆነ ፍጥነት ድምፁን ሦስት ግማሽ ድምፅ ከነጥቂት ትርፉ ያወርደዋል፤ አጎቴ በጆሮአቸው የለዩትም ይህንኑ ነው። እኔን ያታለለኝ ሁሉም ድምፆች እኩል ስለሚወርዱ ቅኝቱ አለመነካቱ ነው፤ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀራል፣ ምቱም ዘገም ማለቱ ለዘፈኑ የሚስማማ ይመስላል። ዘፈኑን በትክክለኛው ፍጥነት የሚያውቅ ጆሮ ከሌለ ስሕተቱ እንደ ውበት ሊቆጠር ይችላል፣ ቆጥሬውም ነበር።

5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ ፑሊው

ቀላሉ መንገድ ቅጂውን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ በ20 በመቶ ማፍጠን ነበር። ሞክሬዋለሁ፤ የድምፁ ከፍታ ተስተካክሏል፣ ጠባዩ ግን ተለውጧል። ሸክላ ሲቀረጽ ዝቅተኛው ድምፅ ተቀንሶ ከፍተኛው ተጨምሮ ስለሆነ ማጫወቻው ያንን መልሶ ያስተካክላል፤ ማስተካከያው የሚሠራው ሸክላው በተገቢው ፍጥነት እየዞረ ነው በሚል ስለሆነ፣ ዘግይቶ የዞረን ሸክላ በኋላ ማፍጠን ማስተካከያውን ከቦታው ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ፍጥነቱን ከመሠረቱ ለማረም የሞተሩን ፑሊ፣ ማለትም ቺንጊያውን የሚያዞረውን ክብ፣ ለመቀየር ወሰንኩ።

የነባሩ ፑሊ የ45 ዙር ደረጃ በካሊፐር ሲለካ 10.0 ሚሊ ሜትር ነው። በ1.2 አባዝቼ፣ 12.0 ሚሊ ሜትር የሆነ የናስ ፑሊ ቶርኖ ቤት በ600 ብር አሠራሁ። ፍጥነቱን ለማረጋገጥ 133 መስመሮች ያሉት ክብ ወረቀት አትሜ ሸክላው ቦታ ላይ አስቀመጥኩና ወጥ ቤት ባለው አሮጌ የፍሎረሰንት መብራት ሥር አየሁት። በ50 ኸርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚበራና ስለሚጠፋ፣ ሳህኑ በ45 ዙር ሲሄድ መስመሮቹ የቆሙ ያህል መምሰል አለባቸው። አልቆሙም፤ በሰከንድ አንድ መስመር ያህል ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ማጫወቻው ወደ አንድ በመቶ ይጎድለዋል ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የሒሳቡ ስሕተት የቺንጊያውን ውፍረት መርሳቴ ነው። ቺንጊያው 0.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሥራ ላይ ያለው ዲያሜትር 10.0 ሳይሆን 10.6 ነው፤ በ1.2 ሲባዛ 12.72፣ የቺንጊያው ሲቀነስ ወደ 12.1 ይሆናል። ሁለተኛው ፑሊ በ12.1 ተሠራ፣ ሌላ 600 ብር ወጣ። መስመሮቹ ከሞላ ጎደል ቆሙ። አጎቴ መጥተው ያንኑ ሸክላ እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ሲያልቅ «ገልብጠው» ብቻ ነው ያሉኝ። ስምንቱ ሸክላዎች እንደገና ተቀዱ፣ የቀሩት አምስቱም ተጨመሩ።

7ኛ ሳምንት፣ ታኅሣሥ፦ «60ዎቹ» የማን ናቸው?

ፋይሎቹን በየአሥር ዓመቱ ለመክፈል ስሞክር በቀላሉ የማይፈታ ችግር ገጠመኝ። አጎቴ «የ60ዎቹ ዘፈን» ሲሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1967 እስከ መስከረም 1977 ያለውን ይይዛል። የውጭ ሀገር የሲዲ ሽፋኖች ደግሞ እነዚያኑ ዘፈኖች ሰባዎቹ ይሏቸዋል። የማኅሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በካይፋ ሪከርድስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ስለሆነ በእነርሱ ሰባዎቹ፣ በእኛ ስድሳዎቹ ውስጥ ነው። ሁለቱን አቆጣጠሮች ያደባለቀ ዝርዝር ዘፈኑን ከአሥር ዓመት ወደ አሥር ዓመት ያዘዋውረዋል፤ በስልክ ካየኋቸው ስብስቦች ብዙዎቹ ይህንኑ አድርገዋል።

የእኛን አቆጣጠር መርጫለሁ፤ ምክንያቱ ሀገራዊ ስሜት ብቻ አይደለም። አምሃ እሸቴ በአምሃ ሪከርድስ ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ይህን ያደረገውም እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የማሳተም መብቱን ለሀገር ፍቅር ብቻ የሰጠውን ደንብ ተዳፍሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታትም ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። በእኛ አቆጣጠር ይህ የሸክላ ዘመን ከሞላ ጎደል በ1960ዎቹ ውስጥ ይገባል፤ በጎርጎርዮሳዊው ግን ገና ከጅምሩ ለሁለት ይሰነጠቃል። የአጎቴ 13 ሸክላዎችም ሁሉም እዚያው ወደቁ።

ድንበር ላይ የቀረው አንድ ነው፦ አጎቴ ወደ ካሴት አስቀድተው ያቆዩት የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው»። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1977 ወጥቷል፤ ከመስከረም በፊት ከሆነ 1969፣ ከመስከረም በኋላ ከሆነ 1970 ነው። ግምቴን እንደ እውነት ላለመጻፍ በፋይሉ ስም ላይ ሁለቱንም ዓመት አስፍሬያለሁ።

8ኛና 9ኛ ሳምንት፦ ምርጫው

የ60ዎቹ ምርጫ በአጎቴና በእናቴ መካከል ሦስት ምሽት ፈጅቷል። አጎቴ ጥላሁን ገሠሠን፣ ዓለማየሁ እሸቴንና ብዙነሽ በቀለን አስቀደሙ፤ እናቴ ሙሉቀን መለሰ ካልገባ ዝርዝሩን አልሰማውም አለች። «ሄደች አሉ» የገባው በእርሷ ነው። የእኔ ድምፅ ለ«ኧረ መላ መላ» ነበር፤ ሳክስፎኖቹ አንድ ሐረግ ይዘው ሲመላለሱ ዘፋኙ በላያቸው ላይ የሚንቀጠቀጥበትን መንገድ በተስተካከለ ፍጥነት ስሰማው ሌላ ዘፈን እስኪመስለኝ ገርሞኛል።

70ዎቹ የእናቴ ናቸው። ሮሃ ባንድ ያጀባቸው ካሴቶች በቁጥርም ይበዛሉ፣ ከሁሉም ይልቅ ያለቁትም እነርሱ ናቸው፤ የኤፍሬም ታምሩ አንድ ካሴት ግፊት ሰጪዋ ስፖንጅ ወድቃ ስለተገኘች ከሌላ ካሴት አውጥቼ ተክቻለሁ። የቴዎድሮስ ታደሰ «ዝምታ ነው መልሴ» ያለበት ክር ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተቆራርጦ ነበር፤ በትክክለኛው ፕላስተር ስቀጥለው የጠፋው ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ከስልክ ወስጄ ክፍተቱን መሙላት እችል ነበር፤ ያ ግን ከእኛ ካሴት ያልመጣ ድምፅ ስለሚሆን እንዳለ ትቼዋለሁ።

80ዎቹ ላይ ድምፁ ይለወጣል። የነሐስ መሣሪያዎቹ ቦታ ወደ ኪቦርድ ይሄዳል፣ ከበሮውም በብዙ ካሴቶች ላይ የማሽን ነው። አጎቴ ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙም አይወዱትም፤ እኔ ግን በእነዚያ ኪቦርዶች ያደግሁ ስለሆነ አልስማማም። የዚህ አሥር ዓመት ምርጥ ካሴት እ.ኤ.አ. በ1991 በኮሎምቢያ ሪከርድስ የወጣው የአስቴር አወቀ «ካቡ» ነው፤ አክስቴ ከአሜሪካ የላከችው ስለሆነ ከ41 ካሴቶች ውስጥ የዶልቢ ምልክት ካለባቸው ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ቁልፉን ያበራሁለትም በደስታ ነው።

ለ90ዎቹ ካሴትና ሲዲ ተደባልቀዋል፤ ሲዲዎቹ ያለ ችግር ተገልብጠዋል። የእጅጋየሁ ሽባባው «ጉራማይሌ»፣ የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል»፣ ኤልያስ መልካ ያቀናበረው የዘሪቱ ከበደ አልበም ገብተዋል። ለ2000ዎቹ ከ«ጥቁር ሰው» በቀር ቤታችን ውስጥ በእጅ የሚያዝ ቅጂ የለም፤ ሌሎቹን አራቱን ከኢንተርኔት ገዝቼ «የቤት ቅጂ አይደለም» የሚል ምልክት አድርጌባቸዋለሁ።

10ኛ ሳምንት፣ ጥር፦ ማጽዳትና ቀሪ ሥራ

በኦዳሲቲ የሹሽታ ማጥፊያ መጀመሪያ በ18 ዴሲቤል ሞከርኩ። ሹሽታው ጠፋ፤ ከእርሱ ጋር የብዙነሽ ትንፋሽ ማሳረጊያ ጠፋ፣ ሲምባሉም ውኃ ውስጥ የወደቀ ሳንቲም መሰለ። ወደ 6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጌ፣ ያውም ለካሴቶቹ ብቻ እጠቀማለሁ፤ የሸክላዎቹን ጠንካራ ቅጭታ አንድ በአንድ በእጅ አነሣለሁ፣ ቀላሉን እተዋለሁ። ያልተነካው የመጀመሪያ ቅጂ በሌላ አቃፊ ተቀምጧል።

ጠቅላላ ወጪ 27,920 ብር ሆኗል፤ ከታሰበው በ2,920 ይበልጣል። ሒሳቡን መጀመሪያውኑ ባልሳሳት ኖሮ የሁለተኛው ፑሊ ወጪ ይቀር ነበር፣ ትራንስፎርመሩ ግን አሁንም ያስፈልጋል።

ከ41 ካሴቶች 38ቱ አልቀዋል። በቀሩት ሦስቱ ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ስላለ ከሌሎቹ ለይቼ በፕላስቲክ ከረጢት አስሬአቸዋለሁ፤ ሻጋታው ወደ ሄዱ፣ ከሄዱም ወደ ሌላው ካሴት ስለሚተላለፍ በዋናው ዴክ አላስገባቸውም። ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ርካሽ ቴፕ መርካቶ ላይ እየፈለግኩ ነው። ከሦስቱ በአንዱ ሽፋን ላይ በእናቴ የእጅ ጽሑፍ «ሙሉቀን፣ ሁለተኛው ገጽ» ተብሎ ተጽፏል፤ መጀመሪያ የሚጸዳው እርሱ ነው።